የጋሽ ከበበው ደህናው ጆሮ

ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚወርደው የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ ቀለሙ የተላጠ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ አለ። ልብስ ሰፊው ከበበው ከባለቤቱ ከትሩፋት ጋር የሚኖረው እዚያ ነው። ዕድሜው ስልሳ ሦስት ሆኗል። ግራ ጆሮው በልጅነቱ መግል አፍስሶ ከተዘጋ ወዲህ ምንም አይሰማም፤ ቀኙም ቢሆን ደህና የተባለው ከግራው ጋር ተወዳድሮ ነው። ሰው ሲያናግረው አንገቱን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርጎ ቀኝ ጆሮውን ያቀርባል፤ ነገሩ ከጠናበትም መዳፉን ከጆሮው ኋላ ደገፍ ያደርጋል። ለማያውቀው ሰው የሌላውን ወሬ ሊለቃቅም ያሰፈሰፈ ይመስላል። እንግዲህ ሰፈሩ ጆሮ ጠቢ ነው ያለው ይህንን ሰው ነው። ስንት ጆሮው የቆመ ሰው ባለበት ሰፈር፣ መስማት የተሳነውን መርጦ!

ነገሩ እዚያ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ያስቅ ነበር።

ትሩፋትን የዛሬ ሦስት ዓመት ስትሮክ መትቷታል። ቀኝ ጎኗ ሰንፏል፤ ከአልጋ ወደ በር የምትሄደው ግድግዳ ይዛ ነው። ድምፅዋም ከጉሮሮዋ ወጥቶ ብዙ አይርቅም። ከቃላት ሁሉ ቀድሞ የተመለሰላት «ከቤ» የሚለው ነበር፤ ያንኑም ስትጠራ ከቤ አይሰማም። የምትሰማው ጎረቤታቸው አምሳለ ናት፤ የሁለቱን ቤት መኝታ ክፍሎች የሚለያቸው አንድ ስስ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ትሩፋት ስትጣራ አምሳለ ደጅ ብቅ ትልና «ጋሼ! እትዬ ትጠራሃለች!» ብላ ትጮህለታለች። እሷ ከሌለች ልጇ አዶኒያስ አለ፣ እሱም ከሌለ በደጅ የሚያልፍ ሰው አይጠፋም። ትሩፋት በወደቀችባቸው ጊዜያት ሁሉ ቀድማ የደረሰችው አምሳለ ነበረች። ከበበው ፊት ለፊት ባለችው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ የሚውለው የጎረቤቶቹን ጆሮ ተማምኖ ነው። ያ ጆሮ ፊቱን ያዞረ ቀን ትሩፋት ወድቃ ብትቀር የሚያውቅላት የለም፤ ይህን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል።

ሰኔ ላይ ሚሳኤል የሚባል ወጣት በግቢው ጥግ ካለው ፎቅ ቤት ላይኛዋን ክፍል ተከራየ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ፣ ሰላምታው የማያልቅ ልጅ ነው። ገብቶ ሳይደላደል በረንዳው ላይ የትሪ ስፋት ያላት ጠፍጣፋ ነጭ አንቴና ተከለ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሣጥንና አንድ ቁራጭ ላሜራ ይዞ ከበበው ቤት መጣ።

«ጋሼ፣ እነዚህን መስኮትዎ ላይ ልሰቅላቸው ፈልጌ ፈቃድ ልጠይቅዎ ነው» አለ።

«ምንድን ናቸው?»

«ጥናት ነው። ያቺ አንቴና ሁለት ሥራ በአንዴ ነው የምትሠራው። መልእክት ትልካለች፤ በዚያው ሞገድ ደግሞ ፊት ለፊቷ ያለውን ነገር ታያለች። ሞገዱ ሄዶ ሲነካና ሲመለስ፣ ነገሩ የት እንዳለ ኮምፒውተሬ ላይ ይወጣል።»

«እንደ ሌሊት ወፍ በለኛ።»

«እንደ ሌሊት ወፍ! ችግሩ ምን መሰልዎት ጋሼ፣ ልታየው የፈለገችው ነገር ላይ ጨረር መወርወር አለባት። ጨረሩ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው መልእክት ተጭኗል። የሚታየው ነገር ራሱ ጆሮ ቢኖረውስ? ልናየው ብለን ያበራንበት፣ ወሬያችንን ሰማው ማለት ነው።»

ከበበው አንገቱን የባሰ ጠመዘዘ። ነገሩ ደስ ብሎታል። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ጨረሩን እንቀርጸዋለን። መልእክቱ ለባለቤቱ ብቻ እንዲደርስ፣ ወደሚታየው በኩል ግን ጩኸት እንዲሄድ እናደርጋለን። እኛ እናየዋለን፣ እሱ ግን ሹሹሹ ከሚል ጩኸት በቀር ቃል አይሰማም።»

«በልክ ቆርጣችሁ ነዋ የምትሰፉት! እናንተም ልብስ ሰፊ ናችሁ» ብሎ ሳቀ ከበበው። ከዚያ ፊቱ ጠቆር አለ። «ጨረር ነው ያልከው? እኛ ጨረር የምናውቀው ለካንሰር በሽተኛ ሲሰጥ ነው። ትሩፋትን አይጎዳትም?»

«ከኪስዎ ስልክ ያነሰ ነው ጋሼ። በዚያ ላይ የምታየው ብዙ አይደለም። ከመስኮቱ ኋላ፣ በሩ ክፍት ከሆነም እስከ መኝታ ቤቱ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ ታውቃለች። ሰው መሆኑን እንጂ ማን እንደሆነ አትለይም።»

ከበበው ፈቀደ። ሰው ሲያማክረው ደስ ይለዋል፤ ልጁንም ወዶታል። ለጥናቱ ጆሮ ሆና የምትቆመው ሣጥን መስኮቱ ጥግ ላይ ተሰቀለች፣ ሞገዱን መልሳ የምታንጸባርቀው ላሜራም ከጎኗ።

አሁን ያቺ ሰፈሩ ከበበው ላይ የለጠፋት ቃል ከየት እንደመጣች መናገር ይገባል። ሚሳኤል ሥራውን የሚሠራው ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ከምትኖር ማርቲ ከምትባል ጓደኛው ጋር ነው፤ መልእክቱን የሚቀበለው መሣሪያ እሷ በረንዳ ላይ ነው የተተከለው። አስተማሪያቸው ጥናቱን በአማርኛም አዘጋጁት ብሏቸዋል። መልእክቱን ያለፈቃድ ሊሰማ የሚችለውን መሣሪያ ምን እንበለው ብለው ተጨነቁ። «ሰሚ» ቢሉት ለሰሰባቸው፣ «ሰላይ» ቢሉት ገዘፈባቸው። ማርቲ ከድሮ ድራማ የሰማችውን አምጥታ «ጆሮ ጠቢ!» አለች፤ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ፤ በዚያው ጸና። እነሱ ቃሉን ያገኙት ከድራማ ነው፤ የግቢው ሰው ግን ያገኘው ከኑሮ ነው።

ሐምሌ እንደገባ አዶኒያስ ተያዘ። አዶኒያስ የአምሳለ አንድ ልጅ ነው፤ ላፍቶ ስልክ ይጠግናል። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ከሥራ ቦታው ይዘውት መሄዳቸውን ባልደረባው ደውሎ ነገራት። ለምን እንደተያዘ የሚነግራት አጥታ፣ እህል ሳትቀምስ ሰንብታ፣ አንድ ጠዋት ልብስ እያሰጣች ሳለ ከበላይዋ የሚሳኤል ድምፅ መጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ በስልክ ከማርቲ ጋር ያወራል።

«ዛሬም ጆሮ ጠቢው ጋሽ ከበበው ነው» ይላል። «አዎ፣ የምናወራውን ሁሉ ይሰማል ብለን ነው የምንነሳው። ስለዚህ ቁም ነገሩ ወዳንቺ ብቻ ይሂድ፣ ወደ እሱ ጩኸት ነው የምንለቅበት። እዚያው እንዳለ ነው፣ አልተንቀሳቀሰም፤ እያየሁት ነው።»

እርጥቡ ሸሚዝ ከአምሳለ እጅ ወደቀ። ሸሚዙ የአዶኒያስ ነበር። ቀና ስትል ከበበው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አየችው፤ አንገቱን ጠምዝዞ፣ ያቺን ደህና ጆሮውን ወደ ግቢው አዙሮ። ይህን ያህል ዘመን ስታየው የኖረችው አንገት ነው። የዚያን ዕለት ግን ሌላ ሆኖ ታያት። ነገሩን ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች፣ ለባለሱቁ ለወጋየሁ። ወጋየሁም ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ። ሁሉም ለአንድ ሰው ብቻ ሲነግር ሰፈሩ አለቀ።

ከበበው መጀመሪያ የመሰለው ጆሮው የባሰበት ነው። ሰው ሲያወራ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ ድምፅ ግን አይደርሰውም። ድሮ ጮኾ የሚያናግረው ወጋየሁ እንኳ ሳሙናና ክር ሲሸጥለት ይንሾካሾክ ጀመር። እንደ ግራው ሊዘጋብኝ ነው ብሎ ደነገጠ። እሱ ጨርሶ ከደነቆረ የትሩፋት ነገር ምን ሊሆን ነው? ጀርመን አደባባይ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሟ ጆሮውን አጥባ፣ ማዳመጫ አድርጋ መረመረችውና ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፈችለት፦ «እንደ አምናው ነው። አልባሰበትም።»

ይህን ሲያነብ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። ጆሮው ካልከፋ የከፋው ሰው ነዋ!

ከዚያ በኋላ ማየት ጀመረ። ወጋየሁ ሱቅ ደጃፍ ሰዎች ተሰብስበው፣ አንገት ለአንገት ገጥመው ያወራሉ። እሱ ብቅ ሲል ጭር ይላሉ። ወዲያው ደግሞ ሁሉም ባንድነት በከፍተኛ ድምፅ ይጀምራሉ፤ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን ሳያዳምጥ። አንድ ቀን አምሳለ በመካከላቸው ቆማ ነበር። እሱን ስታይ ዓይኗ ተቅበዘበዘና፣ «አርሰናል ዘንድሮ ዋንጫውን ይበላል!» አለች ጮክ ብላ። አምሳለ በሕይወቷ ኳስ አይታ አታውቅም። ከበበው ከምር የፈራው ያን ጊዜ ነው።

ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ብቻውን ወጋየሁ ዘንድ ሄደ። «ምን አጠፋሁ? በእግዜር ንገረኝ» አለው።

ወጋየሁ ግራ ቀኝ ገላመጠ። «እኔ የለሁበትም ጋሼ። ሰው ነው የሚለው።»

«ምን ይላል ሰው?»

ወጋየሁ ወደ ደህናው ጆሮ ተጠጋና ቃሉን ተነፈሰው። «ጆሮ ጠቢ።»

ከበበው የሱቁ ባንኮኒ ላይ እጁን አስደግፎ ቆመ። ልጅ ሳለ ቄራ ሰፈር ነበር ያደገው፣ በዚያ ሰው ሰውን እንደ አውሬ በሚያድንበት ዘመን። ጎረቤታቸው የነበረ አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ይህችው ቃል ወጣችበት። መጀመሪያ ሰላምታ ከለከሉት፣ ቀጥሎ ልጆቹን ማንም አላጫወት አለ። አንድ ጠዋት ሬሳው ወንዝ ዳር ተገኘ። እውነት ጆሮ ጠቢ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከበበው የሚያስታውሰው ሰውየው ከመሞቱ በፊት በነበሩት ቀናት እየዞረ «እኔ አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም» ሲል ነው። እንደዚያ ባለ ቁጥር ሰው ይበልጥ አመነ። ስለዚህ ከበበው አፉን ያዘ። ማን እንዳለው ለመጠየቅ እንኳ ፈራ፤ ማን አለ ብሎ ማጣራትም የጆሮ ጠቢ ሥራ ይመስላል።

አዶኒያስ ግን ተፈታ። ነገሩ ሌላ ኖሯል፤ የተሰረቀ ስልክ ሳያውቅ ለጥገና ተቀብሎ ኖሮ፣ የት አገኘኸው ለማለት ነበር የወሰዱት። ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ ገባ። ከበበው በመስኮቱ ሲያየው የእፎይታ እንባ መጣበት፤ አለቀ፣ እንግዲህ እውነቱ ታወቀ ብሎ አሰበ። ምስኪን! ሰፈሩ በማግስቱ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ያሳሰረው እሱ፣ እናቱ ስታሳዝነው ያስፈታውም እሱ» አለ። እንዲያውም አንዲት የማያውቃት ሴት ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ፣ ቀሚሱን ሳታወጣ እጁን ይዛ ልትስም ዳዳት። «ወንድሜ ታስሮብኛል ጋሼ፤ ለሰዎቹ አንድ ቃል ቢናገሩልኝ» አለች በሹክሹክታ።

«የምን ሰዎች?» አለ ከበበው እጁን እየነጠቀ። «እኔ ማንንም አላውቅም!»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አለች እየተሽቆጠቆጠች፣ ቀሚሷን እንደያዘች ወጣች። ከበበው በሩን ዘግቶ ከኋላው ተደገፈበት።

ከዚያ ወዲያ ትሩፋት ጠራችህ የሚለው ሰው ጠፋ። አምሳለ በግቢው ስታልፍ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ ታደርጋለች። ትሩፋት ጤነኛ በሆነው እጇ ወደ ግድግዳው እያመለከተች «አም…ሳ…ለ?» ትለዋለች። «ሥራ በዝቶባታል» ይላታል። እንደማታምነው ዓይኗ ይነግረዋል። ከዚህ የበለጠ ሊነግራት ግን ጉልበት አጣ። ሲተኙ ከስፌት ዕቃው ቀይ ጥብጣብ ቆርጦ አንዱን ጫፍ እሷ አንጓ ላይ፣ ሌላውን እሱ አንጓ ላይ ያስራል። ከተነሳች ጥብጣቡ ይስበዋል። ሌሊቱን እንዲህ ያልፉታል። ቀኑን ግን መስፋት አለበት፣ ሰፍቶም መብላት አለባቸው፤ የስፌት መኪናው ደግሞ ሲንኳኳ እንኳን የእሷን ድምፅ ነጎድጓድም ይውጣል። ስለዚህ አሥር ጊዜ እየተነሳ ያያታል። አንዳንዴም መርፌውን አቁሞ ትንፋሹን ይዞ፣ አንገቱን ጠምዝዞ ያዳምጣል። ከውጭ የሚያየው ሰው ምን እንደሚል ስለሚያውቅ ቶሎ ብሎ ቀና ይላል። መስማት ፈራ።

አንድ ቀን ሚሳኤል ሣጥኗን ሊያስተካክል መጣ። ከበበው ትንሽ አቅማማና ጠየቀው።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር የሰው ወሬ ትሰማለች እንዴ?»

«አትሰማም ጋሼ። ትሰማለች ብለን ነው የምናስባት እንጂ።»

«ካልሰማች ለምን እንደዚያ ታስባላችሁ?»

«ለጥንቃቄ ነው» አለ ሚሳኤል እየሳቀ። የሰፈሩ ወሬ እሱ ጋ አልደረሰም፤ ተከራይ ነው፣ ቀኑን በኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ነው የሚውለው። ከበበው መልሱ አልገባውም። ይሁን እንጂ ጮኾ የሚያናግረው የቀረው ይህ ልጅ ብቻ ስለሆነ፣ እንዳይሄድበት ሻይ አፈላለት።

ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ዝናብ መጣ። በረዶ የቀላቀለ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው አጠገቡ ያለውን አይሰማም። ከበበው ለአንድ ሠርግ የታዘዘ ሱፍ ልብስ ይዞ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ትሩፋትን ከጥቂት ጊዜ በፊት አይቷት ነበር፣ ተኝታለች። ሱፉን ገለበጠና መስፋቱን ቀጠለ።

ሚሳኤል ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የኮምፒውተሩን ማያ ያያል። ላሜራዋ እንደ ሁልጊዜው ቦታዋ ላይ ቆማ ትታያለች። ከላሜራዋ ኋላ፣ በውስጠኛው በር በኩል፣ አንዲት ዘገምተኛ እንቅስቃሴ አለች፤ ትሩፋት ቀን ቀን ግድግዳውን ይዛ ወዲያ ወዲህ ስትል ስለሚያያት ለምዷታል። ያቺ እንቅስቃሴ ብድግ አለች፣ ትንሽ ሄደች፣ ድንገት ወረደች። ወርዳ ቀረች። ሚሳኤል ጠበቀ። መሬት ላይ ትንሽ ተፍጨረጨረች፣ ከዚያ ያም ቆመ። በመስኮቱ ቢመለከት ከበበው አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል።

ጫማ ሳያደርግ ደረጃውን ወረደ። «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ በረዶው ውስጥ ሮጠ። ከበበው ትከሻው ላይ እጅ ሲያርፍበት ወንዝ ዳር የተገኘው ሰው ነው ትዝ ያለው። መጡብኝ ብሎ፣ እጆቹን ራሱ ላይ ጭኖ፣ «አይደለሁም! እኔ አይደለሁም!» ብሎ ጮኸ። ሚሳኤል ወደ ውስጥ ሲያመለክተው ነው የነቃው።

ትሩፋት በአልጋውና በበሩ መካከል፣ በአምሳለ ግድግዳ ሥር ወድቃ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። ጤነኛ እጇ ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ጭቃውን በጥፍሯ ቧጥጣዋለች። ሚሳኤል ደጅ ወጥቶ «የሰው ያለህ!» ሲል ያን ጊዜ የአምሳለ በር ተከፈተ፣ የሌላውም ተከፈተ። ለሚሳኤል ጩኸት ሁሉም ጆሮ ነበረው። አዶኒያስ የጎረቤት መኪና አስነሣ፣ በብርድ ልብስ ተሸክመው አስገቧት።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሲጠብቁ ከበበው አግዳሚ ወንበር ላይ ራሱን በግራ መዳፉ ደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ደህናው ጆሮ ወደ ኮሪደሩ ነበር። አምሳለ ሚሳኤልን በክንዱ ይዛ ከወንበሩ አጠገብ ቆማለች። የተኛ መስሏቸዋል፤ ባይተኛስ ደግሞ የትኛው ጆሮው ይሰማል?

«አንተ ልጅ፣ በዚያ ዝናብ እንዴት ሰማሃት?» አለች።

«አልሰማሁም እኮ። አየሁ እንጂ። ጆሮ ጠቢውን እየተከታተልኩ ሳለ…»

«አዎ፣ ጆሮ ጠቢውን! አንተው ነህ ጋሽ ከበበው ነው ያልከው። በስልክ ስታወራ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ሚሳኤል ክው አለ። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው መሰለ። «እትዬ አምሳለ፣ እሱ የሣጥኗ ስም ነው! መስኮታቸው ላይ የሰቀልኳት ሣጥን። ጋሼ ጋ ያለችው ለማለት ነው። ሰው ሁሉ… ጋሼን እንደዚያ ነው የሚያስባቸው?»

«እየሰማ ነው አላልክም?»

«ሣጥኗ የሰው ወሬ አትሰማም፤ የምንልከውን መልእክት ግን ትስማ አትስማ አናውቅም። ስለማናውቅ ትሰማለች ብለን ነው የምንጀምረው። ጩኸት የምንለቅባት ለጥንቃቄ ነው።»

«እኛም ለጥንቃቄ ነበር» አለች አምሳለ። በነጠላዋ አፏን ይዛ ቀጠለች። «ሰምቻት ነበር። ከቤ፣ ከቤ ትል ነበር። ከዚያ እሱን ትታ እኔን ጠራችኝ። ግድግዳውን ስትቧጥጥ ሰማሁ። ልነሳ አልኩና ደግሞ፣ ገብቼ ምን ልናገር፣ ምን ይዞብኝ ሊሄድ ነው፣ ልጄን መልሰው ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ቴሌቪዥኑን ጨመርኩት። ሚሳኤል፣ በማርያም፣ ድምፁን ጨመርኩት።»

ከበበው አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ሁሉ ሳምንት አንድም ሙሉ ወሬ ሳይሰማ ቆይቶ፣ አሁን አንዲት ቃል እንኳ አላመለጠችውም። ሊነሳ፣ ሊጮህ፣ ፀጉሯን ሊይዝ ፈለገ። ሊያለቅስም ፈለገ። ዓይኑን እንደጨፈነ ቀረ። በዕድሜው ሙሉ የሰው ወሬ ሰርቆ የሰማው ያን ቀን ብቻ ነው፣ የሰማውንም ለማንም አልተናገረም።

የትሩፋት ዳሌ ተሰብሮ ኖሯል። ብረት ገባላት፣ ሰንብታም ወደ ቤቷ ተመለሰች። «ከቤ» የሚለው ቃል ግን አብሯት አልተመለሰም፤ አፏን ትከፍታለች፣ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሚሳኤል ሣጥኗን አወረደ፣ በየቤቱ ዞሮ አስረዳ፣ ከበበው እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ከበበው ያዘው። ማርቲም ጽሑፉ ውስጥ ቃሉን ለወጠችው ተባለ። በምን እንደለወጠችው የጠየቀ የለም።

ሰፈሩም መጣ። ቤቱ በሰው ተሞላ፣ ድስት በድስት ላይ ተደረደረ። አዶኒያስ ብርቱካን ተሸክሞ መጣ፣ ወጋየሁ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሁሉም ለጋሽ ከበበው ጆሮ ሲሉ ይጮሃሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ኳሱ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ከበበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይመለከታል። ይህ ጩኸት የደስታ ይሁን ወይስ ያ የድሮው፣ መለየት አቃተው። ለመለየት ሲሞክርም አንገቱ ሊጠመዘዝ ሲል ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ቀጥ ያደርገዋል።

አምሳለ በግራው በኩል መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ ያበጠ ነው። «ዝናቡ ነው ጋሼ!» አለች ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ያ የተረገመ በረዶ ነው! ብሰማ ኖሮ በባዶ እግሬ አልሮጥም ነበር?»

ሰዉ ሁሉ «እንዴታ!» አለ።

ከበበው ፊት ለፊቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። «ዝናቡ ነው» አላት። «እኔስ መች ሰማሁ።»

ከዚያ ትራሱ ሥር እጁን ሰደደና ቀዩን ጥብጣብ አወጣ። አንዱን ጫፍ ትሩፋት አንጓ ላይ ቀስ ብሎ አሰረ፣ ሌላውን በጥርሱ እየያዘ የራሱ አንጓ ላይ ያስር ጀመር።

«ምነው ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያለልህ?» አለው ወጋየሁ እየሳቀ።

ከበበው እንዳልሰማ ሆኖ ቋጠሮውን አጠበቀ።